ቪዲዮው ላይ የሚስቀው ጅል እኔ ነኝ

የትምህርት ቤታችንን የዛሬ የወላጆች ቀን ቪዲዮ አይታችሁ ኮሜንት ላይ «ኧረ ይሄ የሚስቀው ጅል ማነው?» ያላችሁ ሁሉ፣ ፍለጋውን አቁሙ።

እኔ ነኝ!

አዎ፣ የኪነ ጥበብ ክበቡ ኃላፊ። አዎ፣ የአማርኛ መምህሩ። ብሎክ ከማድረጋችሁ በፊት ግን አንዴ ስሙኝ።

ሰቆጣ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። እዚህ ብዙው ተማሪ ቤቱ ኽምጣኛ፣ ክፍል ውስጥ አማርኛ ነው የሚያወራው። እኔ በአራት ዓመት የተማርኩት ኽምጣኛ ሰላምታ ብቻ ነው። እሱንም ስናገር ሱቅ ውስጥ ያሉ ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ።

ባለፈው ወር ዳይሬክተራችን ቢሮ ጠራኝ። «የወላጆች ቀን ላይ ክበብህ የረባ ነገር ካላሳየ ክፍሉን ለስፖርት ዕቃ ማስቀመጫ አደርገዋለሁ» አለኝ።

ክፍሉን! ልጆቹ ቀለም ሲያጡ በአፈር የሳሏቸው ሥዕሎች የተሰቀሉበትን፣ ማሲንቆ የሚለማመዱበትን ክፍል፣ ለኳስና ለመረብ!

እልህ ያዘኝ። ቁጭ ብዬ ስለ ስደት ባለ ሦስት ገቢር ድራማ ጻፍኩ። አርባ ገጽ! «የናፍቆት እሳት የአጥንቴን መቅን አቀለጠው» የሚል ዓረፍተ ነገር አለው። ኧረ አትሳቁ፣ ኮርቼበት ነበር።

ለዋናው ቦታ ከተፈተኑት አንዷ ዝናሽ ናት። አሥራ አንደኛ ክፍል ነች፤ ከአበርገሌ መጥታ እዚህ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ድምጿ ያለ ማይክ ግቢውን ይሞላል። አማርኛዋ ላይ ግን ኽምጣኛው ይሰማል።

ምን አልኳት መሰላችሁ?

«ጎበዝ ነሽ፤ ግን አክሰንትሽ ለመድረክ አይሆንም። አንቺ መጋረጃ ትስቢያለሽ።»

«ቲቸር፣ እኔ የራሴ አለኝ እኮ። ላሳይዎት?» አለችኝ።

«ሌላ ጊዜ።»

አውቃለሁ። አውቃለሁ! ስድቡን ግን ቆጥቡት፣ ገና ይብሳል።

ዛሬ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ሥዕሎቹን ወላጆች እየዞሩ አዩ፤ አንዱ አባት የልጁን ሥዕል በጣቱ ነክቶ «እውነትም የእኛ አፈር ነው» አለ። ማሲንቆው ተጨበጨበለት። ቀጥሎ የእኔ ድራማ ገባ።

መብራት ጠፋ።

ማይኩ ሞተ። ዋናው ተዋናዬ «የናፍቆት እሳት» ላይ ሲደርስ ሦስተኛው ረድፍ እንኳ አይሰማውም። የሰማውም አልገባውም! ኋላ ያሉት እየተነሱ መውጣት ጀመሩ። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። እኔ ሥዕሎቹ ወርደው መረብ ሲሰቀል ታየኝ።

ይሄኔ ዝናሽ መጋረጃዋን ለቀቀች። መድረኩ መሃል ገብታ በኽምጣኛ መናገር ጀመረች።

ስክሪፕቱ ላይ የለም! ላስቆማት ብድግ ስል ዳይሬክተሩ ክንዴን ያዘኝና «ቁጭ በል» አለኝ።

የሚወጡት ሰዎች በሩ ላይ ቆሙ። ተመለሱ። አንዷ ሴትዮ ሳቀች፤ ከዚያ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ።

እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ኃላፊው አልገባውም ሊባል ነው? ሰው ሲስቅ ጠብቄ፣ ትንሽ ዘግየት ብዬ እስቃለሁ።

አጠገቤ የተቀመጡት የዝናሽ አባት ናቸው። ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ምን እያለች ነው?» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። «ኧረ ምንም አይደል መምህር፣ የልጅ ነገር ነው። ስለ አንድ አስተማሪ ነው።»

«የትኛው አስተማሪ?»

በዓይናቸው ወደ መድረኩ ጠቆሙኝ።

ቀና ስል ዝናሽ የሌለ መነጽር በጣቷ ወደ ላይ ትገፋለች። ሆዷን ነፋች። የሌለ ቀበቶ ሁለቴ ከፍ አደረገች። ከዚያ በአማርኛ፣ «አክሰንት! አክሰንት!»

የእኔ እጅ በዚያች ሰዓት የት ነበር? ቀበቶዬ ላይ!

መቼም ሰው ፊት ማኩረፍ ደግሞ ይብስ ያዋርዳል። ቀልድ የሚችል ሰው መሆኔን ላሳይ ወሰንኩ። ከአሁን በኋላ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ የምስቀው እኔ ነኝ!

ዝናሽ መሬት ቁጭ አለች። ከፌስታል አንድ ጥንድ ጫማ አወጣች። ሮዝ፣ የትንሽ ልጅ ጫማ። እግሯን ልትከት ታገለች። አልገባም። ጣቶቿን አጠፈች፣ ተረከዟን ገፋች። አልገባም።

እኔ ጠባብ ጫማ ነው የማደርገው። አሁንም ስለ እኔ መሰለኛ!

ሳቅኩ። ጉልበቴን እየመታሁ፣ ከሆዴ ሳቅኩ።

ብቻዬን።

ሴቶቹ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። የዝናሽ አባት ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ ቀስ ብለው፣ «መምህር፣ ይሄ እንኳ አያስቅም» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እንዴት ደስ ባለኝ!

ሲያልቅ ከመድረክ ኋላ ሄጄ ስለ ጫማው ጠየቅኳት። እናቷ ዓረብ አገር ሲሄዱ ዝናሽ አሥር ዓመቷ ነበር። ይኸው ሰባት ዓመት። በየዓመቱ ጫማ ይልኩላታል፤ በየዓመቱም አይበቃትም። እናቷ የሚያውቋት ያችኑ የአሥር ዓመት ልጅ ነዋ! እሷም እናቷ እንዳያዝኑ ብላ «ልክ ነው፣ አማረብኝ» እያለች ኖራለች።

የእኔ የአጥንት መቅን አርባ ገጽ ሙሉ ሲቀልጥ አንድ ሰው አላስለቀሰም።

ዳይሬክተሩ ክፍሉን ተወልን። ለዞኑ ውድድር የዝናሽ ሥራ እንዲሄድ ተወሰነ። የእኔን ድራማ ያነሳው ሰው የለም፤ እኔም አላነሳሁት።

አመሻሹ ላይ ዝናሽን ግቢ ውስጥ አገኘኋትና ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ስለ ሳቁም፣ ስለ መጋረጃውም።

«ችግር የለም ቲቸር። ቪዲዮውን ለእናቴ ልከንላት ደውላ ነበር።»

«ምን አሉ?»

«አለቀሰች። ከዚያ የእግሬን ቁጥር ጠየቀችኝ። ከዚያ ደግሞ ‹ያ የሚስቀው ማነው?› አለችኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«‹መምህሬ ናቸው፤ ስላልገባቸው ነው› አልኳት።»

በአንቱታ እኮ ነው! ምናለ ብትሰድበኝ?

አባቷን ግን ሳላገኛቸው ወደ አገራቸው መንገድ ጀምረዋል። ለገበያ ቀን ይመለሳሉ አለችኝ። ሚስታቸው በሌሉበት ሰባት ዓመት ላይ ነው ጉልበቴን እየመታሁ የሳቅኩት፤ ይቅርታውን በአማርኛ ብላቸው «ምንም አይደል መምህር» ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ፣ እኔም ያለፈልኝ መስሎኝ እሄዳለሁ።

እና ወገኖቼ፣ በኽምጣኛ «ይቅርታ» እንዴት ነው የሚባለው? ጉግል አያውቀውም፣ ሞክሬያለሁ። ተማሪዎቼን እንዳልጠይቅ ደግሞ... እስቲ እናንተው ፍረዱ፣ በምን ዓይኔ?