አርባ ሦስት አዲስ ስብርባሪ

[ደብረ ማርቆስ፣ ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.። የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍል፣ ጠዋት። የፊዚክስ መምህሩ ፍቅረ ሥላሴ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሶ ሻንጣ ያስተካክላል። ክፍሉን የሚጠብቁትና የሚያጸዱት አዛውንት፣ ባሻ እንዳላማው፣ መዳፍ የምታክል መስታወት በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል።]

ፍቅረ ሥላሴ፦ በጋቢ አይጠቀለልም አልኩ እኮ!

እንዳላማው፦ ከሮብ ገበያ እዚህ ድረስ እንቁላል በዚሁ ጋቢ ጠቅልዬ አምጥቼ አንድም አልተሰበረብኝ።

ፍቅረ ሥላሴ፦ ይሄ እንቁላል ነው?

እንዳላማው፦ እንቁላልማ ይበላል።

ፍቅረ ሥላሴ፦ ባሻ፣ ይህ መስታወት ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ? አዲስ አበባ! ነገ ፕሮፌሰሮች ተሰብስበው ያዩታል። ካመኑበት ወደ ውጭ አገር ሊልኩኝ ነው።

እንዳላማው፦ አዲስ አበባ መስታወት ጠፋ?

ፍቅረ ሥላሴ፦ በላዩ ያለውን ነው የሚያዩት! እንደማይገባዎት ባውቅም ልንገርዎት። ፈረንጆቹ ፕሮቶን የሚባል ነገር ይወረውራሉ።

እንዳላማው፦ ስንት ቶን?

ፍቅረ ሥላሴ፦ ቶን አይደለም፣ ፕሮቶን! በዓይን የማይታይ።

እንዳላማው፦ በደጀን በኩል የሚያልፈው የጭነት መኪና አምስት ቶን ነው ይሉታል፤ እሱ እንኳ ከሩቅ ይታያል። ቶን ሆኖ የማይታይ ምን ዓይነት ነው?

ፍቅረ ሥላሴ፦ እግዚኦ! ስሙ ነው! ከትቢያ እልፍ ጊዜ ያነሰ ነው። እሱን በኃይል አስፈንጥረው ከከባድ አቶም እምብርት ጋር ያላትሙታል።

እንዳላማው፦ የማን እምብርት?

ፍቅረ ሥላሴ፦ የብር! የብር አቶም! ኒውክለስ ይባላል።

እንዳላማው፦ ብር ከማን ተወልዶ ነው እምብርት ያወጣው?

ፍቅረ ሥላሴ፦ [ግንባሩን ይዞ] መሐሉ ለማለት ነው! ሲመታ ይፈረካከሳል፤ ስብርባሪው በየአቅጣጫው ይበራል። በመስታወቱ ላይ የተቀባው የፎቶግራፍ ቅባት የሄደበትን መንገድ ይይዘዋል፤ ጭረት ሆኖ ይቀራል። ወፍራም ጭረት ከሆነ ከባድ ስብርባሪ፣ ቀጭን ከሆነ ቀላል። እኔ በማይክሮስኮፕ እያየሁ እለካዋለሁ። ገባዎት?

እንዳላማው፦ ገባኝ። ጅቡን ሳያዩ ዱካውን ይለካሉ።

ፍቅረ ሥላሴ፦ [ገረም ብሎት] በግምት... እንዲያ ነው።

እንዳላማው፦ ዱካው የጅብ ይሁን የጎረቤት ውሻ በምን ይለያል?

ፍቅረ ሥላሴ፦ በእውቀት! እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ማይም ብቻ ነው።

እንዳላማው፦ ይበሉ እሺ።

ፍቅረ ሥላሴ፦ ፈረንጆቹ ሲልኩልኝ "ዘጠኝ ጭረት አለው" ብለው ጽፈው ነበር። ሁለት ዓመት መደርደሪያው ላይ ተቀመጠ። ዘንድሮ ብቆጥረው ስንት ቢሆን ጥሩ ነው? ሃምሳ ሁለት!

እንዳላማው፦ ወለደ?

ፍቅረ ሥላሴ፦ ምን ይወልዳል! እነሱ ያላዩትን እኔ አየሁት እንጂ። አርባ ሦስት አዲስ ስብርባሪ! በዓለም ላይ ማንም ያልለካው። ወፍራም ወፍራም፣ ሁሉም ጎበጥ ብሎ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ። ለምን እንደሚጎብጥም አዲስ ሕግ አውጥቼለታለሁ፤ "የፍቅረ ሥላሴ ጉብጠት" ብዬ ጽፌ ልኬዋለሁ።

እንዳላማው፦ ወደየት ወገን ነው ያጋደለው?

ፍቅረ ሥላሴ፦ ከላይ ከግራ ይነሣና ወደ ታች ወደ ቀኝ ይወርዳል።

እንዳላማው፦ [ግራ እጃቸውን አየር ላይ ያንሸራትታሉ] እንዲህ?

ፍቅረ ሥላሴ፦ እንዲያ! ልክ እንዲያ! ማን አሳየዎት?

እንዳላማው፦ ማንም። ግራኝ ነኝ።

ፍቅረ ሥላሴ፦ ግራኝነትዎ ከፊዚክስ ጋር ምን አገናኘው?

እንዳላማው፦ ዓርብ ዓርብ መስታወቱን በአመድ እፈትገዋለሁ። ቅባቱ አልለቅ ሲለኝ ደቃቅ አሸዋ ጣል አደርግበታለሁ።

ፍቅረ ሥላሴ፦ [ወንበር በእጁ ፈልጎ ይቀመጣል] በ... በአመድ?

እንዳላማው፦ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። እኔ እኮ አሮጌ ቆሻሻ መስሎኝ ነው።

ፍቅረ ሥላሴ፦ ማን ፈትግ አለዎት? ማን?

እንዳላማው፦ እርስዎ ነዎት። "መስታወት እንኳ ማጽዳት የማያውቅ ዘበኛ" ብለው በተማሪ ፊት ያዋረዱኝ ዕለት። ከዚያ ወዲህ አንድም ዓርብ አላለፈኝም።

[ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩንባ ይሰማል።]

ፍቅረ ሥላሴ፦ ጽሑፉ እኮ ተልኳል! ሁሉም አንብበውታል! ነገ ፊታቸው ቆሜ ምን እላለሁ?

እንዳላማው፦ [መስታወቱን ከጋቢያቸው ፈትተው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው በሁለት እጃቸው ይሰጡታል] እውነቱን ነዋ። "ዘጠኙን የሠራው የፈረንጅ ፕሮቶን ነው፤ አርባ ሦስቱን ማይም ዘበኛ ነው" ይበሏቸው። ካላመኑዎት ያስጠሩኝ፤ አመዴን ይዤ መጥቼ አርባ አራተኛውን ዓይናቸው እያየ እሠራላቸዋለሁ።