የካቦ አብዱልወሃብ ትርፍ መዶሻ

ሹመት ሲመጣበት ወባ እንደያዘው የሚንቀጠቀጥ ሰው በየአገሩ አንድ አይታጣም። ዱዓ አድርግ ሲሉት ውሃ ሊጠጣ ይወጣል፤ ገንዘብ ያዥ ሁን ሲሉት ጥርሱን ያመዋል። ለኛ ለቀወት ሰዎች የደረሰን ክቡር አብዱልወሃብ ነበር፤ እንደሱ ያለውን ፈጣሪ ደግሞ የፈጠረ አይመስለኝም።

አንድ አባባል ነበረው፦ «ሰው ጠፍቶ ነው እኔ?» የተጣሉ ጎረቤቶች አስታርቀን ቢሉት «ሰው ጠፍቶ ነው እኔ?» ብሎ ሽማግሌ ፍለጋ ይወጣል፤ ሲመለስ ታርቀው ይጠብቁታል። በኒካሁ ቀን ሸሁ «ፋዲላን ተቀብለሃል?» ሲሉት ይችኑ ሊናገር አፉን ሲከፍት አጎቱ በክርናቸው ጎኑን ደሰቁት። ትዳሩ የቆመው በዚያ ክርን ነው።

ጣሊያን ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና የሚወጣውን መንገድ ሲያሠራ አርባ ያህል ሆነን ድንጋይ እንፈልጥ ነበር። ካቦአችን፣ ማለት የሠራተኛው አለቃ፣ በወባ ሞተ። ቦታው የኔ የሸሪፍ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ድምፅ አለኝ፣ ደረት አለኝ፣ አሥር የጣሊያንኛ ቃል አለኝ። ጣሊያኑ ግን ጣቱን ወደ አብዱልወሃብ ቀሰረ፤ ዝምታውን እንደ ታዛዥነት ቆጥሮለት ይሆናል። አብዱልወሃብ ማንን ነው ብሎ ዞር አለ። ከኋላው ገደል እንጂ ሰው አልነበረም።

«አብዱረዛቅ ወንድሜ፣ ለዚህ ሥራ አልሆንም በልልኝ» ብሎ አስተርጓሚውን ለመነው። አብዱረዛቅ ተረጎመ። ጣሊያኑ ትሕትና መስሎት ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ፋዲላ ደግሞ ባልሽ ካቦ ሆነ ሲሏት ካባ የተሸለመ መስሏት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ጠበቀች። ባዶ ትከሻውን ይዞ ሲገባ «ካባውስ?» አለችው። ክቡርነታቸው መደቡ ላይ በደረታቸው ተደፉ።

የካቦ ሥራ ሲያዩት ቀላል ነው። ጠዋት መዶሻዎቹን ይደረድራል፤ ሁሉም የየራሱን ያነሳል። ወባ በየሳምንቱ ሰው ስለሚወስድብን ትክክለኛውን ቁጥር የሚያውቀው ካቦው ብቻ ነው። ሳይነሳ የቀረ መዶሻ ካለ የባለቤቱን ስም መናገር አለበት። ስሙ የተነገረበት ሰው አርበኞች ዘንድ ሄዷል ይባልና ቤቱ ይቃጠላል፤ ቤተሰቡም ይታሰራል። አብዱልወሃብን ከሰውነት ተራ ያወጣው ይኸ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ቀሚሱ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆነ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አጠገቤ ተቀመጠ።

«ሸሪፍ፣ ስም አምጣ ቢሉኝ ምን ልበል?»

«ስሙን ነዋ፣ ጋሼ! ምን ይከብዳል?» አልኩት። ቅናቱ ነበር የሚያናግረኝ።

«ወላሂ፣ የሚገባውስ ላንተ ነበር» አለኝ። የምሩን ነው።

የፈራው ቀን ደረሰ፤ አብሮን ድንጋይ የሚፈልጠው የሙሄ መዶሻ ሳይነሳ ቀረ። ሙሄ በዋዜማው አርበኞቹ ወዳሉበት ወደ ጣርማ በር እንደወጣ ሁላችንም እናውቃለን። እናቱና ሁለት እህቶቹ ግን እዚያው ቤታቸው ናቸው። ጣሊያኑ መዶሻውን በጫማው ነካ አድርጎ አንድ ነገር ተናገረ።

«ሰው ጠፍቷል ወይ? ይልሃል» አለ አብዱረዛቅ።

የአብዱልወሃብ ፊት ላብ በላብ ሆነ። አሁን ወደቀ ስል ቀና ብሎ ቆመ።

«ሰው አልጠፋም፣ ጌታዬ፤ ቁጥሩ ነው የጠፋብኝ። አንድ ትርፍ መዶሻ አወጣሁ። እኔ እኮ ለዚህ ሥራ አልሆንም ብዬ ነበር!»

ጣሊያኑ አመነው። እንዴት አያምነው? ከኛ ውስጥ አልችልም ብሎ የሚታመን እሱ ብቻ ነበር። መቁጠር የማይችል ካቦ ብሎ ፊታችን ሰላሳ ጅራፍ አስገረፈውና ሻረው። የሙሄ እናት በዚያው ቀን ልጆቿን ይዛ ከአገር ወጣች።

ከዚያ የጣሊያኑ ጣት እኔ ላይ አረፈ። ተቀበልኩ፤ ድምፄም ጥርት ብሎ ወጣ። በመጀመሪያው ሳምንት የሁለት ሰው ስም ሰጠሁ። የቤታቸው ጭስ ከቆላው ሲነሳ መንገዱ ላይ ቆመን ሁላችንም አየነው።

ከዚያ ወዲያ ማንም አጠገቤ አይቀመጥም ነበር። አብዱልወሃብ ብቻ፣ ጀርባው ገና ሳይሽር፣ መጥቶ የውሃ ቅሉን አቀበለኝ።

«አይዞህ። ከባድ ነው፤ አውቀዋለሁ» አለኝ። «እንቅልፍስ ይወስድሃል?»

እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፤ ያውም ደህና አድርጎ።

«አይወስደኝም፣ ጋሼ» ብዬ ዋሸሁት። በሱ ዓይን እንኳ እሱን መስዬ መታየት አማረኝ።