ወጠጤ ለማኮላሸትም ፈቃድ?

«ደግሞ ለዚህም ፈቃድ?» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ አያውቅም? እኔ የማውቃቸው ጋሽ ደምሴን ነው። ናይሮቢ መሃል ከተማ ምግብ ቤት አላቸው፤ ከከተማው ወጣ ብለው ደግሞ ፍየል ያረባሉ። የራሳቸውን ጥርስ ሲያማቸው ከስፔሻሊስት በታች አይታዩም።

ለፋሲካ ሙክት እንዲሆናቸው አንዱን ወጠጤ ሊያኮላሹ ሲነሱ ኬንያዊቷ ጎረቤታቸው አየቻቸው።

«ይሄንን የሚሠራው ፈቃድ ያለው የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ነው» አለቻቸው።

«ደግሞ ለዚህም ፈቃድ?» አሉና እጅጌያቸውን ሰብስበው ቆለጡን በድንጋይና በዱላ ቀጠቀጡት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ወጠጤው አብጦ መቆም አቃተው። ጋሽ ደምሴ ምግብ ቤታቸውን ዘግተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ በእፍኛቸው ውኃ ሊያጠጡት ቢሞክሩ እንቢ አላቸው። አንዲት የእንስሳት ሐኪም የጠራሁላቸው እኔ ነኝ። ጉዳቱ ውስጥ ውስጡን እንዳመረቀዘና ከእንግዲህ እንደማይድን ነገረችን። የማሳረፊያውን መርፌ ስትወጋው ጋሽ ደምሴ ጭንቅላቱን ደግፈው ይዘው ነበር።

«ማን ነው ያስተማረዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው፣ ያለ ቁጣ።

«አባቴ።»

«እሳቸው ሲያኮላሹ የሚሞት አልነበረም?»

ጋሽ ደምሴ የወጠጤውን ጭንቅላት ቀስ አድርገው መሬት ላይ አሳረፉት።

«ይሞት ነበር» አሉ። «ዕድሉ ነው እንል ነበር።»