የጋሽ ታደገ ጥምዝ ዓምዶች

በየደብሩ ሕንፃ ኮሚቴ ውስጥ አንድ ጊዜ ውጭ አገር ደርሶ የመጣ ሰው አይጠፋም። አትላንታ ራሷ ውጭ አገር አይደለችም ወይ እንዳትሉኝ፤ የእኛው ሊቀ ጠበብት ጋሽ ታደገ ለንደን፣ ልጃቸው ዘንድ፣ አሥራ አንድ ቀን ከርመዋል።

ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራሉ። አንዴ «ለንደን ሳለሁ...» ብለው ስለ አንድ ጉልላት ሲጀምሩ፣ ባለመኪናው ቁልፉን እስኪለምናቸው ቆሟል። ለንደን ሳሉ ቤተ መንግሥቱን እንኳ አላዩም። አሥራ አንዱንም ቀን ባሮክ በሚባለው፣ ጌጥና ጥምዝ በሚበዛበት የሕንፃ ስልት የተሠሩ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ አንጋጠው ዋሉ፤ ሲመለሱ አንገታቸው አልዞር ብሎ ወጌሻ አስፈልጓቸዋል።

አምና ሮዝዌል አጠገብ ፈረንጆች ይገለገሉበት የነበረ አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ገዛን። መቅደስ ይሆናል ባልነው በኩል እንደ ገመድ የተጠመዘዙ ሁለት የእንጨት ዓምዶች ቆመዋል።

«የእኛ አይደለም፣ ይነሣ» አለ ሰብሳቢያችን ኢሳያስ።

ጋሽ ታደገ ብድግ አሉ። ሁላችንም ስልካችንን አወጣን።

«ለንደን ሳለሁ የተረዳሁት ምንድነው፣ እንግሊዞችም መጀመሪያ እንደዚሁ ነበር ያሉት። ‹ይሄ የሮም ነው፣ ለእኛ አይሆንም።› ኋላ ከተማቸው በእሳት ነደደ፤ ያን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን እንደ አዲስ መሥራት ግድ ሆነ። ያኔ ጉልላቱንም ጥምዙንም ወሰዱ፤ ጌጡን ቀነስ፣ ማማውን ረዘም አድርገው በራሳቸው ልክ ሰፉት። ዛሬ የሰው ነው የሚላቸው አለ?»

«ጋሽ ታደገ፣ ኦልሬዲ ኮንትራክተሩን ቡክ አድርገነዋል» አለ ኢሳያስ።

ድምፅ ተሰጠ። ጋሽ ታደገ በአንዲት ድምፅ ብልጫ ተሸነፉ።

አኩርፈው ይቀራሉ ስንል፣ ዓምዶቹ በሚነሡበት ቅዳሜ ከሁሉ ቀድመው መሰላል ላይ አገኘናቸው። መዶሻ የሚባል አላስጠጉም። ብሎኑን አንድ በአንድ ፈቱ፤ ዓምዶቹን በብርድ ልብስ ጠቀለሉ፤ ራሳቸው ደውለው ላገኙት ሌላ ቤተ ክርስቲያን አስረከቡ። «ይህን ያህል ዘመን ጸሎት የሰማ እንጨት አይሰበርም» አሉ።

እኔ ከታች መሰላሉን ይዣለሁ። ሕሊናዬ አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ የተሸነፉባት ድምፅ የእኔ ናት።»

«አውቃለሁ። እጅህን ስታወጣ ሰዓትህን ታይ ነበር። ወደ ቤትህ ቸኩለህ ነው።» ወርደው አቧራቸውን አራገፉ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ ኦፍ ነህ?»

ሚድታውን ወሰዱኝና አንድ የደወል ማማ ሥር ሁለት ሰዓት አቆሙኝ። እግሬ ደነዘዘ፤ ግን እያንዳንዱ ድንጋይ ለምን እዚያ እንደተቀመጠ ሲነግሩኝ፣ ስልኬን ማውጣት ረሳሁ።

ከዚያ ወዲህ አብረን ሰባት ቤተ ክርስቲያን አይተናል። ስምንተኛውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።