ማንንም የማያምኑት ኢንጂነር ሶይ

ስብሰባ ባለበት ሁሉ አንድ የማያምን ሰው አይጠፋም። ሌላው ራሱን በእሺታ ሲነቀንቅ እሱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያያል። ኬሪቾ ከተማ ላለው ለእኛ የቴክኒክ ኮሌጅ የደረሱት ክቡር ኢንጂነር ጆሽዋ አራፕ ሶይ ናቸው።

ኢንጂነር ያልናቸው እኛ ነን። እሳቸው ሻይ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር የጠገኑ ሰው ናቸው። ኮሌጁ "ተማሪዎቻችንን ለሥራ እንዴት እናዘጋጅ?" እያለ ኢንዱስትሪውን የሚያማክርበት ኮሚቴ አለው። ሌሎቹ ፋብሪካዎች ስለማይመጡ ኢንዱስትሪው ማለት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነኝ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ስለሚባል ቃለ ጉባኤም እይዛለሁ።

ርእሰ መምህርታችን ማዳም ቼፕኮች "አብዛኞቹ ተመራቂዎቻችን ሥራ ይዘዋል" ብለው ሪፖርት ሲጀምሩ ክቡርነታቸው ጣታቸውን ያነሣሉ።

"አይተውት ነው ወይስ ተነግሮዎት?"

ሪፖርቱ እዚያው ላይ ያልቃል። ይህችን ጥያቄ ተማሪው ሁሉ በቃሉ ያውቃታል።

ሻይ ሲቀርብም የፔርሙዙን ክዳን ከፍተው እንፋሎቱን ሳያዩ አይቀዱም። "ትኩስ ነው ብዬዎታለሁ እኮ!" ትላለች አቅራቢዋ። "ብለሽኛል" ይሉና ይከፍቱታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፓስተሩ "ዓይናችሁን ጨፍኑ" ሲሉ እንኳ አንደኛውን ዓይናቸውን ከድምፅ ማጉያው የተላጠ ሽቦ ላይ አይነቅሉም። እኔ ይህን እንዴት እንዳየሁ አትጠይቁኝ።

እውነቱን ለመናገር እኔም እሳቸውን እጠረጥራቸው ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እየመጡ በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚያችንን ከሻይ ጋር ሲበሉ፣ ለሥራ ልምምድ አንድ ተማሪ እንኳ አልወሰዱም። "ገና ናቸው" ይላሉ፣ በቃ። ቦታውን ለወንድሞቻቸው ልጆች ይዘውት ይሆናል እል ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ባለፈው ዓመት ነገሩ ከረረ። ቼሮቲች የምትባል ጭምት የኤሌክትሪክ ተማሪ አለችን። ሁለት ፋብሪካዎች "ለሴት የሚሆን ሥራ የለም" ብለው መልሰዋታል። እስከ ዓርብ የልምምድ ቦታ ካላገኘች አትመረቅም። አባቷ ደግሞ "ሌላ ዓመት የሚባል ነገር የለም፤ ወደ ቤት ትመጫለሽ" ብለዋታል። ሐሙስ ዕለት ማዳም ቼፕኮች ኢንጂነር ሶይን ለመኗቸው።

"አንድ ሰው እወስዳለሁ" አሉ፤ "ግን ፈትኜ ነው።"

ቦታ ያላገኙት ተማሪዎች ውጭ ቆመው ተራ በተራ ወደ ወርክሾፑ ገቡ፤ እኔም መሣሪያ ላቀብል ውስጥ ነበርኩ። ኢንጂነር ሶይ ግድግዳው ላይ ካለው የሞተር መቆጣጠሪያ ሳጥን አጠገብ ቆመው የመጀመሪያውን ልጅ፣ ኪቤትን፣ "ኃይሉን አጥፍቼዋለሁ። ክፈተውና ሽቦዎቹን ፍታ" አሉት። ኪቤት እንደ ጨዋ ልጅ ታዞ ፈታ።

"ወድቀሃል።"

"ምን አጠፋሁ? ኃይሉ ጠፍቶ ነበር እኮ!"

"ጠፍቶ ነበር። ያንን ግን የማውቀው እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም።"

ውጭ ላሉት እንዳይነግር በጓሮ በር አስወጡት። ሌሎች ሁለት ልጆችም እንዲሁ ታዘዙ፤ እንዲሁ ወደቁ።

ቼሮቲች ገባች። ያንኑ ቃል ነገሯት። እጇ ወደ ሳጥኑ ሄደና መንገድ ላይ ቀረ። እኛ ዘንድ ልጅ የሽማግሌን ቃል ፊት ለፊት አይመዝንም። እኔ "ልጄ፣ ታዘዢ" ልላት ምንም አልቀረኝ።

"ይቅርታ አባባ" አለች ወለሉን እያየች፤ "አላመንኩዎትም።"

እሷ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ ቴስተር ይስጡኝ።"

ኃይል ሲያገኝ መብራቱ የሚበራውን ቴስተር ሰጠኋት። "ይሠራል" አልኳት፣ ኮራ ብዬ።

"አይተውት ነው ወይስ... ተነግሮዎት?"

ያቺ ጭምት ልጅ! መልስ ሳትጠብቅ ኃይል እንዳለው ሁላችን በምናውቀው ሶኬት ላይ ሞከረችው። አልበራም። የባትሪ ድንጋዩ አልቆ ኖሯል። ሳጥኑ ላይ ብትሞክረው ኖሮ ኃይል ቢኖርም ባይኖርም "የለም" ይላት ነበር። ከእኔ እጅ ወጥቶ፣ በእኔ ምስክርነት!

ከሬዲዮዬ ድንጋይ አውጥቼ ቀየርኩላት። ሶኬቱ ላይ ሞከረችው፤ በራ። ሳጥኑ ላይ ሞከረችው፤ አልበራም። ተመልሳ ሶኬቱ ላይ ሞከረችው፤ በራ። መፍቻዋን ያነሣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

"ሰኞ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ላይ" አሉ ኢንጂነር ሶይ። ልጅቷ ፊቷን በመዳፎቿ ሸፈነች።

የኢንዱስትሪው ምክር ምን ተብሎ ይመዝገብ ብዬ ስጠይቃቸው፣ "ሽማግሌን በትሕትና አላምንዎትም ማለት ይማሩ" አሉኝ።

ማዳም ቼፕኮች ደነገጡ። "ኧረ በፈጠረህ፣ 'የተግባቦት ክህሎት' ብለህ ጻፈው!"

እኔ ግን እንዳሉት ጻፍኩት። እምነቴ በእግዚአብሔር ነው፤ ሽቦን ማመን አለብህ የሚል ቃል መጽሐፉ ላይ አላገኘሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቼሮቲች የፋብሪካ ቱታ ለብሳ በግምጃ ቤቱ መስኮት ብቅ አለች። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አቀበለችኝ። "ኢንጂነር ናቸው የላኩልዎት።" አዳዲስ የባትሪ ድንጋዮች ነበሩ። ደብዳቤም ሰላምታም የለውም።

እስክትሄድ ጠብቄ አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ሁሉም ይሠራሉ። የሰው ስጦታ በመጠርጠሬ ትንሽ አፈርኩ። ባልጠረጥር ኖሮ ግን የሚያፍሩብኝ እሳቸው ነበሩ።