«ዘይነባ እባላለሁ» የተባለው የሰርግ ዘፈን

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ለወሎዬ መናደድ ክልክል ነው እንዴ? ከደሴ ነኝ ስትሉ የሰው ፊት ይፈካል። «ውይ፣ ፍቅር የሆናችሁ!» ይልና ዘፈን ይጠብቃል። ብትቆጡ እንኳ «ሲያምርባችሁ!» ነው መልሱ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ያናደደኝም የራሴ አልበም ነው።

አልበሙ ፖፕ ፓንክ ነው። ይህን ስል ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቼ ጠጉሬን ያያሉ፤ እኛ ዘንድ ፓንክ ከፀጉር ቆራጭ ቤት ወጥቶ አያውቅማ! ሙዚቃ ነው ጎበዝ፤ የሚጣደፍ ከበሮ፣ ሆን ተብሎ እንዲሻክር የተደረገ ጊታር፣ እንደ ልብ የሚጮህ ድምፅ። ጊታሩ የእኔ፣ ከበሮው የአጎቴ ልጅ የያሲን፣ ጩኸቱ የዘይነባ።

ዘይነባ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። ፎርማኗ ሴቶቹን የሚጠራው በማሽናቸው ቁጥር ነው፤ እሷም «ሰባት ቁጥር» ነች። አንድ ቀን የእናቷን ሞት ሊያረዳ የመጣ ዘመድ በር ላይ ቆሞ ቢያስጠራት፣ ፎርማኑ «ዘይነባ የምትባል እዚህ የለችም» ብሎ መለሰው። በእኛ በሙስሊሞቹ ደግሞ ቀብር አይቆይም። ማታ ስትደርስ እናቷ ተቀብራለች።

«ዘይነባ እባላለሁ» የሚለውን ዘፈን የጻፈችው ያኔ ነው። ሌላ ምንም አልፈለገችም፤ ያ ፎርማን ስሟን እንዲሰማ ብቻ።

የቀረጹን ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መንዙማና የሰርግ ዘፈን ሲቀርጹ የኖሩ ደግ ሰው። ሥራውን ልንረከብ ስንሄድ በፈገግታ ተቀበሉን።

«አብሽሩ ልጆቼ! ጊታራችሁ ተበላሽቶ ኖሮ ሲያሻክር አገኘሁት፤ አጸዳሁላችሁ። እሷም ጉንፋን ይዟት ነው መሰል ስትጮህ ነበር፤ አለሰለስኩት። ኦርጋንና ጭብጨባም ጣል አድርጌበታለሁ።»

«ጋሽ ሰይድ፣ ምን ነካዎት! ሆን ብለን እኮ ነው ያሻከርነው!»

«ሰው ሆን ብሎ ያሻክራል?» አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነውልኝ።

ምን ዋጋ አለው፣ ሊያስደስቱን ብለው ለሰርገኛ ሁሉ በፍላሽ አድለውታል። ሐርቡ ደርሷል፣ ደሴ ዙሪያ ደርሷል። ሙሽራ ለአማቶቿ ስሟን የምታስተዋውቅበት ዘፈን ነው ተብሎ ያለ እሱ ሙሽራ አይገባም። «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ የሰርግ ዘፈን ነው!» እያሉ መንገድ ላይ ያቅፉናል። ቢጠላ እችለው ነበር። መወደዱ ነው ያንጨረጨረኝ!

ይባስ ብሎ ፎርማኑ ራሱ ሊያገባ ሲል ጠራን። እኔ «ሞቼ እገኛለሁ!» አልኩ።

«እንሄዳለን» አለች ዘይነባ። «ወላሂ፣ ያን ቀን ስሜን ይሰማል።»

በጠራራ ፀሐይ ድንኳኑ ውስጥ ጊታሬን የቻልኩትን ያህል አሻከርኩት። ዘይነባ ከሙሽራው ፊት ለፊት ቆማ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ የአንገቷ ሥር እስኪገተር ጮኸች። ሰርገኛው ጭብጨባውን አቆመ። ሴትዮዎቹ ተያዩ።

ሲያልቅ «ይህን የጻፍኩት ለአንተ ነው» አለችው።

ሙሽራው ተነሣ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ማይኩን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ሰዉ ዞረ።

«በሕይወቴ እንዲህ ያከበረኝ የለም! በሉ ለእህታችን አጨብጭቡላት፣ ለ… ይቅርታ፣ ስምሽን ማን ልበል?»

ዘፈኑ ስሟን አሥራ ሁለት ጊዜ ይጠራል።