የጋሽ ሁለተኛ ጥድ

የዕረፍት ቦታ በተባለ ሁሉ፣ ማረፍን እንደ ጦር የሚፈራ አንድ እንግዳ አይጠፋም። ደን በለበሰው ኮረብታ አናት ላይ ባለችው የእንግዳ ማረፊያ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ጋሽ ሁለተኛ ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቹ ናቸው። እሳቸው ሻንጣቸው ገና ከመኪና ሳይወርድ፣ «ሁለተኛ እዚህ ቤት ብረግጥ ሰው አይደለሁም!» ይላሉ። በዓመቱ ያችኑ ሻንጣ አንጠልጥለው ከች ነው።

እንግዳ ተቀባይዋ መጀመሪያ ያስተናገደቻቸው ቀን የምትገባበት ጠፍቷት ነበር። ቁልፍ ስትሰጣቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ጉም ማነው የሚያስገባው?» አሏት። ሮጣ መስኮቱን ዘጋች። ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። «ወፎቹስ? ሰው ተኝቷል ብሎ የሚነግራቸው የለም?» ክው አለች። ለወፍ ምን ተብሎ ይነገራል? ሌላ ጊዜ ደግሞ ከእግር ጉዞ እያለከለኩ መጥተው፣ ዳገቱ ከአምናው ጨምሯል ብለው ድርቅ አሉ።

«ጋሼ፣ ኮረብታው እኮ ያው ነው።»

«እሱን ለጉልበቴ ንገሪው!»

ከሁሉ የባሰባቸው ግን ከመስኮታቸው ፊት ለፊት የቆመው ትልቅ ጥድ ነው። «ምን እንደ ጅብራ ይገተርብኛል? ብርሃኔን ጋረደኝ! ተራራ አያለሁ ብዬ መጥቼ ግንድ ሳይ ልክረም?» ጠዋት ጥዱ፣ ማታ ጥዱ።

ዘንድሮ ታዲያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ፤ እንግዳ የተናገረው መሬት ጠብ አይልም ባይ ነው። አንድ ጠዋት ባለመጋዝ አስከትሎ በጓሮ በኩል ገባ። እንግዳ ተቀባይዋ ነገሩን ያወቀችው ሞተሩ ሲያጓራ ነው። ሮጣ ስትወጣ ከጥዱ ትልቁ ቅርንጫፍ መሬት ላይ ተዘርሯል።

በዚህ መሀል የክፍሉ በር ብርግድ አለ። ጋሽ ሁለተኛ በፒጃማ፣ በአንድ እግር ካልሲ፣ ግማሽ ፊታቸው የመላጫ አረፋ እንደለበሰ እየሮጡ መጥተው ጀርባቸውን ግንዱ ላይ ለጠፉ።

«ማነው ቁረጡ ያላችሁ?»

የሥራ አስኪያጁ ፊት አመድ መሰለ። «እርስዎ ነዎታ፣ ጋሼ! ብርሃን ጋረደኝ ሲሉ…»

«እኔ ተናገርኩ እንጂ ስሙኝ አልኩ?»

ባለመጋዙ ሞተሩን አጠፋ። ጋሽ ሁለተኛ ግን ከግንዱ አልተላቀቁም። «ይሄን ሁሉ ዓመት ስናገር ማን ሰምቶኝ ያውቃል? ዛሬ ምን ነካችሁ? እሱን ከጣላችሁት ጠዋት ተነስቼ በማን ልናደድ ነው?»

መጋዙ እንደመጣ ተመለሰ። ጥዱም አንድ ክንዱን አጥቶ ተረፈ።

እንግዳ ተቀባይዋን ይበልጥ ያስደነገጣት ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጋሽ ሁለተኛ ዝም አሉ። ሾርባው ጨው በዛበት፤ ዝም። ሙቅ ውሃው ተቋረጠ፤ ዝም። ጎረቤት ክፍል ሕፃን ሲያለቅስ አደረ፤ «ልጅ ነው፣ ምን ያድርግ» ብለው አለፉት። ወጥ ቤት ያለው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «ታመው ይሆን እንዴ?» አለች ፅዳት ሠራተኛዋ። አልታመሙም። የሚሰማቸው ሰው እንዳለ ካወቁ ወዲህ የገዛ አፋቸውን ፈርተውታል። በረንዳ ላይ ተቀምጠው የተቆረጠውን ቦታ ሲያዩ ይውላሉ።

እንግዳ ተቀባይዋ አልቻለችም። ሻይ ቀዳች፤ መስኮት ላይ አስቀምጣ እስኪበርድ ጠበቀች፤ ከዚያ በትሪ አድርጋ ራሷ ወሰደችላቸው።

ፉት አሉ። ብርጭቆውን አዩት። እሷን አዩአት። ከንፈራቸው ሊንቀሳቀስ አለና ተመለሰ።

«አንቺ ልጅ!» አሉ በመጨረሻ። «ይሄን ሻይ ከወንዝ ነው የቀዳሽው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ አሁን እቀይርልዎታለሁ!»

ሳቋ እንዳያመልጣት ትሪውን አፏ ላይ ይዛ ሮጠች። ወጥ ቤት ደርሳ በሩን በትከሻዋ ገፋ አደረገችና፣ «ተሻላቸው!» ብላ ጮኸች።